ላረጀ ኮምፒዩተር አዲስ ዊንዶውስ ይገባዋልን?

ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ በየመኝታ ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አንድ ጥያቄ ሲመላለስ ይሰማል። ጥያቄውም፣ «የዊንዶውስ 10 ዘመን አለፈ ይባላል፤ እንግዲህ ላፕቶፔን ወደ ዊንዶውስ 11 ላሻግረው ወይስ እንዳለ ልተወው?» የሚል ነው። መልስ የሚሰጥ ሰው መቼም አይጠፋም። አንዱ፣ «አዲስ ነገር ሁሉ ከአሮጌው ይሻላል» ብሎ ያስቸኩላል። ሌላው ደግሞ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያለ ያሾፋል። ሁለቱም ኮምፒዩተሩን ሳያዩ፣ የባለቤቱንም ሥራ ሳይጠይቁ የፈረዱ ስለ ሆነ ምክራቸው ምክር አይባልም።

እኔም ከእነዚህ መካሪዎች አንዱ ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነውና አስቀድሜ ልናገረው። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ የመመረቂያ ጥናቷን ልታስረክብ አንድ ወር ሲቀራት ይህንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔም የላፕቶፑን ዕድሜ እንኳ ሳልጠይቅ፣ «አሳድጊው እንጂ!» አልኋት። ሌሊት ጀመርነው። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቶ ስለ ነበር የሚሠራው በገመድ ብቻ ነው። ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ። ጥገና ቤት ወሰድነው፤ ሲመለስ ዊንዶውሱ አዲስ ነበረ፤ ዲስኩ ግን ባዶ ነበረ። የአራት ወር ሥራ ቅጂ አልነበረውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የመጠይቁ ወረቀቶች በካርቶን ውስጥ ተቀምጠው ስለ ተገኙ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩን እንደ ገና ስንጽፍ ከረምን። እርሷ በጊዜው አስረከበች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሳልመረምር አልመክርም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «አድርጉ» ወይም «አታድርጉ» ብዬ አልደመድምም። የማስረዳው እያንዳንዳችን የየራሳችንን ኮምፒዩተር ይዘን እንዴት መፍረድ እንደምንችል ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ከነገሩ ሥር እንጀምር።

ሥርዓተ ክወና ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ሁለት ነገሮች ተባብረው የሚያሠሩት መሣሪያ ነው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ክፍል ነው፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና የመሳሰለው ነው። ሁለተኛው ለዚህ ሁሉ ትእዛዝ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው። ከፕሮግራሞችም ሁሉ በታች ሆኖ ሌሎቹን የሚሸከመው ሥርዓተ ክወና ይባላል። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና የአፕል ኮምፒዩተሮች ማክ ኦኤስ የዚህ ዓይነት ናቸው። ዎርድ አንድ ጽሑፍ ለማስቀመጥ ሲፈልግ ዲስኩን በቀጥታ አይነካም፤ ሥርዓተ ክወናውን ይጠይቃል። ብሮውዘሩም ከኢንተርኔት አንድ ገጽ ሲያመጣ እንዲሁ ነው። እንግዲህ ሥርዓተ ክወናው የቤቱ መጋቢም በር ጠባቂም ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ቃላት አሉ። «አፕዴት» ማለት ያለውን ሥርዓት ሳይለቁ ስሕተቱን ማረምና ቀዳዳውን መድፈን ነው። «አፕግሬድ» ማለት ግን አሮጌውን ትቶ ወደ አዲሱ መሻገር ነው። የመጀመሪያው ጣራ እንደ መጠገን፣ ሁለተኛው ቤት እንደ መለወጥ ይቈጠራል። ቤት የሚለውጥ ሰው ዕቃው በአዲሱ ቤት ውስጥ ይገባ እንደ ሆነ አስቀድሞ መለካት አለበት።

«ድጋፉ ቆመ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዊንዶውስ 10 የወጣው በጁላይ 29 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ነበር። ሠሪው ኩባንያ ማይክሮሶፍት መደበኛ ጥገናውን ያቆመው በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ በፊትም ዊንዶውስ ኤክስፒ በኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ በጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል።

ድጋፉ ቆመ ማለት ኮምፒዩተሩ በማግሥቱ መሥራቱን አቆመ ማለት አይደለም። ይነሣል፤ ይጽፋል፤ ፊልምም ያሳያል። የቆመው ጥገናው ነው። ይህም ለምን አደገኛ እንደሚሆን ማስተዋል ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 10ና ዊንዶውስ 11 ብዙ የውስጥ አሠራር ይጋራሉ። ስለዚህ በአዲሱ ላይ አንድ የጸጥታ ቀዳዳ ሲገኝ ያው ቀዳዳ በአሮጌውም ላይ ሊኖር ይችላል። ኩባንያው የአዲሱን ደፍኖ መድፈኛውን ሲያሠራጭ፣ ክፉ የሚያስቡ ሰዎች መድፈኛውን ፈትተው ይመረምሩታል፤ ቀዳዳው የት እንደ ነበረም ከዚያው ይማራሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀራቸው ያልተደፈነ ቤት መፈለግ ብቻ ነው። ጥገናው ከቆመ በኋላ አደጋው በየወሩ እየተጠራቀመ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሜይ 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ላይ ተነሣ። ፋይሎችን እየቈለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን አጠቃ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ነገር ግን የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች 14 ቀን 2017 ወጥቶ ነበር። ከተጠቁትም ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የነበረባቸው ናቸው፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ በዚያን ጊዜ ድጋፉ ገና አልቆመበትም ነበር። ሰዎቹ የጎዳቸው አፕዴቱን አለመጫናቸው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጥገና የሌለው ሥርዓት አደገኛ ነው። ሁለተኛ፣ ጥገና እያለው ባለቤቱ የዘጋበት ሥርዓትም ያንኑ ያህል አደገኛ ነው። ይህን ሁለተኛውን አጥብቄ የምናገረው በእኛው ዘንድ የተለመደ በሽታ ስለ ሆነ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል እንዳያልቅብን ብለን አፕዴቱን ዘግተን የምንኖር ብዙዎች ነን። እንደዚህ ያለው ተማሪ ዊንዶውስ 11 ቢያስጭን መልኩ ያማረ ሌላ ክፍት ቤት ገዛ እንጂ ከአደጋው አላመለጠም።

አዲሱ በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ይገባልን?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያወጣው መስፈርት እንደሚከተለው ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት ሆኖ ቢያንስ ሁለት ኮርና 1 ጊጋኸርትዝ ፍጥነት ያለው መሆን አለበት። ራሙ ቢያንስ 4 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ቢያንስ 64 ጊጋባይት መሆን አለበት። ከዚህም በላይ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አነሣስና «ሴኪዩር ቡት» የሚችል፣ እንዲሁም «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የምስጢር ቁልፍ ጠባቂ ክፍል ያለበት መሆን ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችንን የሚጥለን ግን የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። የተፈቀዱት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የወጡት፣ ከኤኤምዲም ራይዘን 2000 የሚባለው ተራና ከዚያ ወዲህ ያሉት ናቸው። በ8ኛው ትውልድ የተሠሩት መውጣት የጀመሩት በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የኢንቴልን ትውልድ ለማወቅ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማየት ይበቃል። «ኮር አይ 5» ካለ በኋላ 7200 ቢል 7ኛ ትውልድ ነው፤ አይፈቀድም። 8250 ቢል 8ኛ ነው፤ ይፈቀዳል። ቁጥሩ አምስት ሆኖ 10210 ቢል 10ኛ ትውልድ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መርምሮ መልስ የሚሰጥ «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የተባለ ነፃ ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ይገኛል። ቲፒኤም የለም ቢል ወዲያው ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ክፍሉ እያለ በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ይገኛልና፤ እርሱን መክፈት በቂ ይሆናል።

«መስፈርቱን ዘሎ የሚጭን መንገድ አለ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት ነው፤ አለ፤ በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይም ይሠራል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ላልተፈቀደ ኮምፒዩተር አፕዴት እንደሚያደርስ ዋስትና አልሰጠም። የምንሻገረው ለአፕዴቱ ስንል ከሆነ፣ አፕዴቱ ዋስትና ወደሌለበት ቤት መሻገር ሐሳቡን ያፈርሰዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ደግሞ ቀድሞ ተዘሎ ይገባባቸው በነበሩ እጅግ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ላይ፣ አንዳንድ ትእዛዞችን ስለማያውቁ፣ ፈጽሞ አልነሣ ብሏል። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው አደጋውን ዐውቆ፣ ብቸኛ ሥራው በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ይሞክረው።

ፍጥነቱስ?

ብዙ ተማሪ አፕግሬድ የሚያስበው ከጸጥታ ይልቅ ለፍጥነት ነው። «ኮምፒዩተሬ ተጐተተ፤ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንበት» ይላል። ይህ ምክንያትና ውጤትን ማዛባት ነው። አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው የበለጠ ራም ይፈልጋል እንጂ አያንስም። 4 ጊጋባይት የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ብሮውዘርና ዎርድ አንድ ላይ ከፍቶ ለመሥራት ግን 8 ጊጋባይት ያስፈልጋል።

የመጐተቱ ዋና ምክንያት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ የሚዞር ሳሕን አለው፤ አንዲት መርፌ መሰል ክንድ እየተመላለሰች ታነብባለች። ክንዲቱ ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ በያንዳንዱ ጊዜ አሥር ሚሊሰከንድ ያህል ትወስዳለች። ስለዚህ በተለያየ ቦታ የተበተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ለማንበብ ሲሆን በሰከንድ ከመቶ ያህል ጊዜ በላይ መመላለስ አትችልም። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያነብበው ደግሞ በሺሕ የሚቈጠር ትንንሽ ፋይል ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ይህንኑ ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺሖች ጊዜ ይፈጽመዋል። እንግዲህ ሃርድ ዲስክ ያለበትን ላፕቶፕ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሻገር ለደከመች በቅሎ ተጨማሪ ጭነት መጫን ነው። ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ ኤስኤስዲ ያስገባ፤ ቦታ ካለውም ራም ይጨምር። ብዙዎች ይህን አድርገው ኮምፒዩተራቸው አዲስ የሆነ መስሏቸዋል።

በፊታችን ያሉት መንገዶች

እንግዲህ የዊንዶውስ 10 ባለቤት የሆነ ተማሪ አራት መንገዶች አሉት።

አንደኛው መሻገር ነው። ኮምፒዩተሩ መስፈርቱን ካሟላ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ ከሆነ፣ ላለመሻገር በቂ ምክንያት አይታየኝም። ሕጋዊ የሆነ ዊንዶውስ 10 ላለው ሰው አፕግሬዱ በነፃ ነው። ከተሻገሩም በኋላ ካልተስማማ፣ በ10 ቀን ውስጥ በሴቲንግ በኩል ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። ከ10 ቀን በኋላ ግን አሮጌው ሥርዓት ከዲስኩ ስለሚጠፋ በዚህ መንገድ መመለስ አይቻልም።

ሁለተኛው ጊዜ መግዛት ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ላላቸው ግለሰቦች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. (ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.) የሚዘልቅ ተጨማሪ የጸጥታ አፕዴት አውጥቷል። ኮምፒዩተሩ 22ኤች2 በሚባለው የመጨረሻ እትም ላይ መሆን አለበት። ክፍያው 30 ዶላር ነው፤ ሆኖም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጉን በ«ዊንዶውስ ባካፕ» ለሚያስቀምጥ ሰው በነፃ ተፈቅዷል። ዶላር በካርድ መክፈል ለእኛ ቀላል ስላይደለ ይህ ሁለተኛው በር መታወቅ አለበት። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ቀጠሮ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። ሊመረቅ አንድ ሴሚስተር የቀረውና በሥራው መካከል ያለ ተማሪ ግን ቀጠሮው እስካለ ድረስ ቢጠቀምበት አስተዋይ ነው እላለሁ።

ሦስተኛው ወደ ሊኑክስ መዛወር ነው። ሊኑክስ በነፃ የሚገኝ ሥርዓተ ክወና ሲሆን፣ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ቀለል ብለው የተዘጋጁ ዓይነቶች አሉት። ለምሳሌ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊኑክስ ሚንት 22 ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል፤ 4 ጊጋባይት ራም ቢኖር ይመረጣል። አፕዴቱም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቀጥላል ተብሏል። ትልቁ ጥቅሙ በፍላሽ ላይ አድርጎ ሳይጭኑ መሞከር መቻሉ ነው። ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ እንደሚሠሩ ታይቶ ካልሆነ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ዊንዶውስ መመለስ ይቻላል።

ሊኑክስ ለሁሉም ይሆናል ማለት ግን ማታለል ነው። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የሚሠራባቸው አውቶካድና ኢታብስ፣ የጂኦግራፊ ተማሪ የሚፈልገው አርክጂአይኤስ ፕሮ በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠሩም። በአንጻሩ አር፣ ኪውጂአይኤስና ፓይተን በሁለቱም ላይ ይሠራሉ። ሊብሬኦፊስ የዎርድን ጽሑፍ ይከፍታል፤ ነገር ግን ሠንጠረዡና ገጹ አንዳንድ ጊዜ ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉን ከአማካሪው ጋር በዎርድ የሚመላለስ ተማሪ በመጨረሻው ወር ላይ ይህን መሞከር የለበትም።

አራተኛው ኮምፒዩተሩን እንዳለ ትቶ ከኢንተርኔት መለየት ነው። ለመጻፍና ለማንበብ ብቻ የሚያገለግል እጅግ አሮጌ ኮምፒዩተር በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን ኢንተርኔት ብቻውን መግቢያ አይደለም። በፎቶ ኮፒ ቤት ሰክተነው የመጣነው ፍላሽም መግቢያ ነው። ፋይሎቻችንን ደብቆ ሾርትካት ብቻ የሚያሳየን ቫይረስ ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

አምስተኛ መንገድ መስሎ የሚታየው «ምንም ሳያደርጉ እንደ ነበሩ መቀጠል» ነው። ባንክ የሚከፈትበትን፣ ኢሜይል የሚነበብበትን ኮምፒዩተር ያለ ጥገና በኢንተርኔት ላይ ማቈየት ምርጫ ሊባል አይችልም። «ጸረ ቫይረስ አለኝ» የሚል መልስም አይበቃም። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ በዊንዶውስ 10 ላይ እስከ ኦክቶበር 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚያድስ ተናግሯል። ይሁንና ጸረ ቫይረስ የገባውን ሌባ ለመያዝ ይሞክራል እንጂ የተከፈተውን በር አይዘጋም።

ስለ ተሰረቀ ዊንዶውስ

ይህን ርእስ መዝለል ሐቀኝነት አይሆንም። በአገራችን ኮምፒዩተር «ፎርማት ሲደረግ» የሚጫነው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ያልተገዛ ነው፤ በ«አክቲቬተር» የተከፈተ ነው። የሕጉን ነገር ለሕግ ተማሪዎች ትቼ የጸጥታውን ብቻ ልናገር። አክቲቬተር ሥራውን እንዲሠራ ጸረ ቫይረሱን እንድንዘጋለት ይጠይቀናል፤ ከዚያም የኮምፒዩተሩን ከፍተኛ ሥልጣን እንሰጠዋለን። በውስጡ ምን እንዳለ ሠሪው ብቻ ያውቃል። ለጸጥታ ብሎ ተሻግሮ በአክቲቬተር መክፈት በሩን ቈልፎ ቁልፉን ለማያውቁት ሰው እንደ መስጠት ነው። ሆኖም ብዙ ላፕቶፖች ሲገዙ ሕጋዊ ዊንዶውስ ይዘው የመጡ ናቸው፤ ቁልፉ በራሱ በኮምፒዩተሩ ባዮስ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ንጹሕ ዊንዶውስ፣ ያንኑ እትም መርጦ ሲጭኑ ብዙ ጊዜ ራሱ ይከፈታል። አክቲቬተር ከመፈለግ በፊት ይህን መሞከር ይገባል።

የአማርኛ ጽሑፋችንስ?

በእንግሊዝኛ በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ የማይገኝ፣ እኛን ብቻ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ጽሑፍ ይጻፍ የነበረው የላቲንን ፊደል ቁጥር ወስደው በላዩ የግእዝን ቅርጽ በሣሉ ፎንቶች ነው። እንደዚህ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል።

ስለዚህ አሮጌ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ሰው ከመሻገሩ በፊት ሁለት ነገር ያድርግ። የፎንቶቹን ፋይሎች ለብቻ ቀድቶ ያስቀምጥ፤ ጽሑፎቹንም በፒዲኤፍ አድርጎ አንድ ቅጂ ይያዝ። ለመጻፊያው ግን መጨነቅ አያስፈልግም። ኪይማን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ መጻፊያ አለው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ኒያላም በዊንዶውስ 10ና 11 ላይ ባይታይ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከተጨማሪ ፎንቶች መካከል «ኢትዮፒክ» የሚለውን መርጦ ማስጫን ይቻላል።

ከመጀመራችን በፊት

መሻገር የወሰነ ሰው ሥራውን በዚህ ተራ ቢያደርገው ከእኔ ጥፋት ይድናል።

መጀመሪያ ቅጂ ይያዝ። አንዱ ቅጂ በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ፣ ሌላው በኢንተርኔት ማስቀመጫ ወይም በጓደኛ ኮምፒዩተር ላይ ይሁን። ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይታይ፤ ያልተከፈተ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቈጠርም። ፋይሉ ከጠፋ በኋላ ስለ ቅጂ ማሰብ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ዲስኩ በ«ቢትሎከር» የተቈለፈ እንደ ሆነ ይመርመር። ከተቈለፈ 48 ቁጥር ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ በወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ከባዮስ ለውጥ በኋላ ኮምፒዩተሩ ይህን ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሌለው ሰው የራሱን ፋይል ከውጭ ሆኖ ያያል።

ሦስተኛ፣ ባትሪው ይፈተን። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ዩፒኤስ ባለበት ቦታ፣ በቀን ይሠራ። አራተኛ፣ ፈተና ወይም ማስረከቢያ በቀረበበት ሳምንት ፈጽሞ አይጀመር። አምስተኛ፣ የመጫኛው ፋይል ከሠሪው ከራሱ ይውሰድ እንጂ ከየትም አይቀዳ።

የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለ ሆነ ለአንድ ተማሪ ጥቅል ከባድ ነው። ይህ ግን በኅብረት የሚፈታ ነገር ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በታማኝ መንገድ አውርዶ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ቢያዘጋጀው ለፎቁ ሁሉ ይበቃል። የሊኑክስም እንዲሁ ነው።

ማኅበራችንም የሚሠራው ሥራ አለ። በየላቦራቶሪው ያሉት ኮምፒዩተሮች የአንድ ተማሪ ሳይሆኑ የሁላችን ናቸው፤ በአንዱ ላይ የገባ ቫይረስ በፍላሻችን ወደየመኝታ ቤታችን ይመጣል። ማይክሮሶፍት ለትምህርት ተቋማት የወሰነው የዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ጥገና ዋጋ ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር፣ በሁለተኛው 2 ዶላር፣ በሦስተኛው 4 ዶላር ነው። ይህ ከአንድ ቫይረስ ጉዳት ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው። የማኅበሩ ተጠሪዎች ለሚመለከተው ክፍል፣ «የላቦራቶሪ ኮምፒዩተሮቻችን አፕዴት ያገኛሉን?» ብለው እንዲጠይቁ እለምናለሁ። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱም «አዎ» ወይም «የለም» መሆን ይችላል።

በመጨረሻ፣ ሁሉን በአጭር ቃል ልሰብስበው። ኮምፒዩተርህ ወይም ኮምፒዩተርሽ ኢንተርኔት ላይ ይውላልን? ከዋለ ጥገና ያለው ሥርዓት ያስፈልገዋል። መስፈርቱን ያሟላልን? ካሟላ ይሻገር፤ ካላሟላ ቀጠሮ ይግዛ ወይም ሊኑክስ ይሞክር። የሚያስቸግረው ዝግመት ብቻ ነውን? እንግዲያው ዲስኩ ይታይ። የምትሠሩበት ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ይሠራልን? የማስረከቢያው ቀን ሩቅ ነውን? ቅጂስ አለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው ከእኔም ሆነ ከሌላ መካሪ ፈቃድ አያስፈልገውም። የመጨረሻውን ጥያቄ ግን ማንም አይዝለለው። ያቺ ጓደኛዬ የመጠይቁን ወረቀት ካርቶን እስካሁን አልጣለችውም፤ «ኮምፒዩተር ከሚያምነኝ ካርቶኑ ይመነኝ» ትላለች።